በሻንጣው ውስጥ የጎደለችው ቫይታሚን

ከሲሪንቃ ተነስቶ በአውሮፕላን ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ምን ይዟል? በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። አሁን አሁን ደግሞ አንዲት የቫይታሚን ብልቃጥ ትጨመራለች። ይህ ሁሉ ስንቅ እያለ እሷ ለምን አስፈለገች?

እስቲ ስንቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ አስቡት። እህሉ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ እንጀራው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሻጋታ ያለ ውሃ አያድግም፤ ስለዚህ የደረቀ ምግብ ለወራት ይቆያል፣ ሸክሙም ይቀላል። ጉልበት የሚሰጠው ነገር ሁሉ እዚያው ነው። ቫይታሚን ሲ ግን በደረቅ እህል ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ፍየል ይህን ቫይታሚን በጉበቷ ትሠራለች፤ እኛ አንችልም። ሁለት ሦስት ወር ካጣነው ድዳችን ይደማል፣ የዳነ ቁስል እንኳ ተመልሶ ይከፈታል። ስከርቪ ይሉታል።

ድሮ የመርከበኞች በሽታ ነበር። በ1747 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ 12 ሕመምተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት ዓይነት ነገር ሞከረባቸው፤ ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ቶሎ አገገሙ። ያም ሆኖ በ1768 እ.ኤ.አ. የተነሳው ካፒቴን ኩክ ለዚሁ በሽታ ብሎ ብቅል ጭኖ ነበር። አዎ፣ ለጠላ የምናውቀው ዓይነት ብቅል! ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ችግሩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መርከቡ በአውሮፕላን ሲተካስ? በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲያጠቃ፣ ከወልድያ በስተ ሰሜን ያለው የኮረም መጠለያ ዓለምን አስደነገጠ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች እህል አመላለሱ፤ መኪና በማይደርስበትም ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያ ጣሉ። ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ዕርዳታ ማለት ያው ደረቅ ስንቅ ነው፦ ስንዴ፣ ዘይት፣ የወተት ዱቄት። በዚያው ዘመን ከኢትዮጵያ ተሰደው በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች ይኖሩ በነበሩ ሰዎች ላይ ስከርቪ ታየ። ባሕር በሌለበት የመርከበኛ በሽታ! በሽታውን ለመከላከል ለአንድ ሰው በቀን 10 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃ ነበር። ታዲያ ዱቄቱ ላይ ለምን አይጨመርም? ቫይታሚን ሲ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር አይችልም፤ ከመጋዘን የተረፈውን ድስት ይጨርሰዋል።

መፍትሔው ከእኛም ቤት አለ። ደረቅ ባቄላ ተነክሮ ሲያቆጠቁጥ ዘሩ ራሱ ቫይታሚን ሲ መሥራት ይጀምራል። በቆልት ይሄው ነው! እንግሊዛዊቷ ሳይንቲስት ሀሪየት ቺክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህንኑ መርምራለች። የኩክ ብቅል ያልሠራው ግን በቅሎ ስለደረቀ ነው፤ ሲደርቅ ቫይታሚኑ ጠፋ። በቆልትንም ለረጅም ሰዓት ከቀቀላችሁት ያው ነው።

እና ሻንጣውስ? የቫይታሚን እንክብል ከነብልቃጡ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች በእጅ ሻንጣ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ስላለው፣ በሶና ሽሮው በትልቁ ሻንጣ ቢገባ ይሻላል። ስትደርሱ ብርቱካን ከገዛችሁ እንክብሉ ላያስፈልግም ይችላል። ለበቆልት ብላችሁ ጥሬ ባቄላ ከመያዛችሁ በፊት ግን የምትሄዱበትን አገር ሕግ ጠይቁ፤ የሚበቅል ዘር የማያስገቡ አሉ።