ከ939 ጥሪ በፊት፦ የመሬት አጠቃቀምና የአደጋ ዝግጁነት በአዲስ አበባ

ስለ ድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት በተነሳ ቁጥር ውይይቱ ቶሎ ወደ ተሽከርካሪና ወደ ሠራተኛ ብዛት ያዘነብላል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን አዲስ አበባ ውስጥ የጉዳቱ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ወደ እሳት አደጋ መጥሪያ ቁጥር 939 ከመደወሉ ከዓመታት በፊት፣ መሬት ሲመራና መንገድ ሲቀየስ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ሲነሳ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ ክፉኛ አስቸግሯል። መርካቶን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሱቅ ከሱቅ ግድግዳ ይጋራል፤ ከላይ ሸራና ላስቲክ ይወጠራል፤ ጨርቁና ፕላስቲኩ ከመደብሩ ተርፎ መተላለፊያው ላይ ይደረደራል። ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም። አንዱ ደጃፉን ቢያጸዳና ጎረቤቶቹ ባይከተሉት፣ ገበያው ይቀርበታል እንጂ ከእሳቱ አይተርፍም። ስለዚህ መፍትሔው ሁሉንም እኩል የሚገዛ ደንብና ደንቡን ዘወትር የሚያስከብር አካል ነው።

የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ የቆሼ ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለአሥርት ዓመታት ቆሻሻ በተቆለለበት ቦታ ሥር ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ከተማዋ አማራጭ አልፈለገችም ማለት አይቻልም፤ ከአደጋው በፊት ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተገንብቶ ሥራ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ወራት ብቻ አገልግሎ ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከአርሶ አደሮቹ ጋር አስቀድሞ መስማማት የነዋሪዎችን ሕይወት የማዳን ሥራ አካል ተደርጎ መታየት ነበረበት። ክምሩ ከተናደ በኋላ ለነፍስ አድን ሠራተኛ የቀረው በአብዛኛው አስከሬን ማውጣት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው የመሬት ንዝረትም ጥያቄውን ወደ ከተማዋ ፎቆች ይወስደዋል። ዛሬ የሚፈሰው ኮንክሪት ነገ የሚደርሰውን ጉዳት ይወስናል።

በመሆኑም የከተማዋ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አስተያየት ሰጪ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። መኪና የማያስገባ መተላለፊያ ወይም የማምለጫ ደረጃ የሌለው ሕንፃ የያዘ ፕላን ሲቀርብለት፣ ፈቃዱ እንዳይሰጥ የማገድ ሥልጣን በሕግ ሊሰጠው ይገባል።