የሳቅ ጋዝ እና የህግ ራስ ምታት

ለመሆኑ አንድ ነገር ሆስፒታል ሲገባ መድኃኒት፣ ኬክ ቤት ሲገባ የክሬም ግብአት፣ ጭፈራ ቤት ሲገባ ደግሞ ማስከሪያ ሆኖ ሲገኝ ህግ በየትኛው ስሙ ጠርቶ ይያዘው? ጥያቄው ለህግ ተማሪዎች የቀረበ ፈተና ይመስላል። ነገር ግን ከ2014 ወዲህ የአውሮፓን ፓርላማዎችና ፍርድ ቤቶች ሲያስጨንቅ የቆየ ጉዳይ ነው። የጭንቀቱ መነሻ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በተለምዶ ስሙ «የሳቅ ጋዝ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋዙ ምንድን ነው?

ጋዙን በ1772 ለይቶ ያወጣው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው። በ1799 ደግሞ ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ ወጣት ኬሚስት ብሪስቶል ከተማ ውስጥ በገዛ ራሱ ላይ ሞከረው። ደስታ እንደሚፈጥርና ህመም እንደሚያስታግስም በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። በ1844 አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ በጋዙ ደንዝዞ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። ዛሬም ጋዙ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ለጥርስ ህክምናና ለምጥ ህመም ማስታገሻ ያገለግላል። በምግብ ሥራ ደግሞ ቀለህ በሚመስሉ፣ 8 ግራም ያህል በሚይዙ ትንንሽ የብረት ብልቃጦች እየታሸገ ክሬም ለመድፈቅ ይውላል።

ችግሩ የሚጀምረው ብልቃጡ ከወጥ ቤት ሲወጣ ነው። ወጣቶች ጋዙን ወደ ፊኛ ገልብጠው ይስቡታል። ስካሩ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍምና ብዙዎች «ጉዳት የለውም» ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጋዙ በተደጋጋሚ ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ይህ ቫይታሚን የነርቭ ሽፋን እንዳይጎዳ የሚጠብቅ በመሆኑ ውጤቱ በመጀመሪያ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ቀጥሎም ለመራመድ መቸገር ነው። በጊዜ ካልታከመ ጉዳቱ ሊመለስ የማይችልበት ሁኔታ አለ። በደም ምርመራ የቢ12 መጠን ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል ሐኪሙ ካልጠየቀ፣ ወጣቱም ካልተናገረ በሽታው ይሰወራል። በተዘጋ ቦታ የሚስብ ሰው በኦክስጅን እጥረት ሊሞት ይችላል፤ በቀጥታ ከሲሊንደር የሚስብ ደግሞ በቅዝቃዜው ከንፈሩና ጉሮሮው ይቃጠላል።

መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም?

ለህግ ባለሙያ አስገራሚው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2014 የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ሌሎች አስካሪ ቅመሞችን በሚመለከት ጉዳይ፣ ለስካር ብቻ የሚወሰድና ለጤና የማይጠቅም ነገር «መድኃኒት» ሊባል አይችልም ሲል ወሰነ። በዚህ የተነሳ ኔዘርላንድስ የሳቅ ጋዝን በመድኃኒት ህግ መቆጣጠር አልቻለችም። በ2016 ጋዙ እንደማንኛውም ሸቀጥ ተቆጠረ፤ በፌስቲቫል ድንኳን ሳይቀር በግልጽ ይሸጥ ጀመር። የመንገድ ደህንነት ላይ የሚሠራው ቲምአለርት የተባለው ድርጅት እንዳለው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ጋዙ ድርሻ ያለባቸው 1,800 ያህል የትራፊክ አደጋዎች ደርሰዋል። አገሪቱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ጋዙን በአደንዛዥ ዕፅ ህጓ ሥር አስገባችው። ለህክምና፣ ለምግብና ለኢንዱስትሪ ግን ፈቀደች።

በብሪታንያ ክርክሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። የ2016ቱ ህግ ለስካር የሚሆን ጋዝ መሸጥን እስከ 7 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲያደርግ መድኃኒቶችን ግን ከህጉ ውጪ አደረገ። ጠበቆችም ይህችን ቀዳዳ አገኟት። «ጋዙ መድኃኒት ነውና ደንበኛዬ ነፃ ይውጣ» ብለው ተከራከሩ፤ በ2017 ክሶች ውድቅ እስከመሆን ደረሱ። በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለስካር የተያዘ ጋዝ መድኃኒት አይባልም ብሎ ቀዳዳውን ደፈነው። በአንዱ አገር «መድኃኒት አይደለም» መባሉ ሻጩን ሲጠቅም፣ በሌላው ያው አባባል ሻጩን አስቀጣው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በማርች 2023 የብሪታንያ የዕፅ ጉዳዮች አማካሪ ምክር ቤት ጋዙ በዋናው የአደንዛዥ ዕፅ ህግ ሥር እንዳይገባ መከረ። መንግሥት ምክሩን አልተቀበለም። ከኖቬምበር 8 ቀን 2023 ጀምሮ ለመሳብ ብሎ መያዝ እስከ 2 ዓመት፣ ማከፋፈል እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል። ለንደን ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ቀደም ሲል ገዢውን የማያስከስስ ፊኛ ዛሬ የወንጀል መዝገብ ያስከፍታል። በነገራችን ላይ ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉ የእንግሊዝና የዌልስ ወጣቶች ጋዙን በዓመቱ ውስጥ የሞከሩት እስከ ማርች 2020 በነበረው ዓመት 8.7 በመቶ፣ እስከ ማርች 2023 በነበረው ደግሞ 4.2 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ የቀነሰው ክልከላው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ህግ?

ፈረንሳይ መካከለኛውን መንገድ ሞክራለች። በጁን 2021 የወጣው ህግ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ሰው ጋዙን መሸጥ ወይም መስጠት ከለከለ፤ ጥሶ የተገኘ እስከ 3,750 ዩሮ ይቀጣል። ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ ለግለሰብ የሚሸጠው ብልቃጥ ከ8.6 ግራም፣ በአንድ ካርቶን የሚታሸገውም ከ10 ብልቃጥ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ክሬም ለመድፈቅ ጥቂት ብልቃጥ ይበቃል፤ 600 ግራም የሚይዝ ሲሊንደር ግን ከ75 ትንንሽ ብልቃጦች ጋር እኩል ነው። በፍራፍሬ ጣዕም ተለቅሞና በቀለም አጊጦ ሲሸጥ ለማን እንደታሰበ ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

የኒውዮርክ ግዛት ደግሞ በ2021 ብልቃጡ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ደነገገ። አንዳንድ ሱቆች ህጉን በትክክል ስላልተረዱት በ2022 የክሬም ቆርቆሮ ለሚገዛ ሰው ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ ጀመሩ፤ ህጉን ያቀረቡት የምክር ቤት አባል የተከለከለው ብልቃጡ እንጂ ክሬሙ አለመሆኑን ለማስረዳት ተገደዱ። ያልጠራ ድንጋጌ የሚቀጣው ጥፋተኛውን ብቻ አይደለም።

በበኩሌ ከእነዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ህግ ጋዙን ሳይሆን ሽያጩን ይያዝ። መጠኑን ይገድብ፣ ዕድሜን ይጠይቅ፣ ሌሊት በየመንገዱ የሚያከፋፍለውን ነጋዴ ይቅጣ፣ እግሩ የደነዘዘውን ወጣት ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ሐኪም ይምራ። ቅጣትን የሚፈራ ልጅ ለሐኪሙ እውነቱን አይናገርም፤ እውነቱ ካልተነገረ ደግሞ ነርቩ አይድንም።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ብርድና ረሃብን ለመርሳት ማስቲሽ የሚስቡ ሕፃናትን የማያውቅ ማን አለ? ማስቲሹ ለጫማ ሠሪው እንጀራው ነው፤ ለሕፃኑ ግን መርዝ ነው። ሁለቱን መለየት የሚችል ህግ ማርቀቅ ከባድ ቢሆንም የሚቻል መሆኑን የሳቅ ጋዝ ታሪክ ያሳያል።

ቸር ይግጠመን።