ሣቅና እውነት በወጣቶች ፊልም

አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ልብ እያዘነ አፍ ይሥቃልና። ይህ አነጋገር ስለ አሜሪካ ወጣቶች የተሠሩትን አስቂኝ ፊልሞች ታሪክ ለመመርመር መልካም መነሻ ሆኖ አግኝተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1937 ዓ.ም. የአንዲ ሃርዲ ታሪክ በተከታታይ ፊልሞች መታየት በጀመረ ጊዜ፥ ሣቁ የልጁ፥ እውነቱ ግን የአባቱ ነበር። ወጣቱ ይሳሳታል፤ ዳኛ የሆነው አባቱ በጽሞና ይመክረዋል፤ ነገሩም ይቃናል። በ1980ዎቹ መግቢያ ደግሞ ከወጣት ፊልሞች ብዙዎቹ ምክሩን ትተው ቀልዱን ብቻ፥ ያውም ነውረኛውን ያዙ።

በዚህ ጊዜ የተነሣው ደራሲና አዘጋጅ ጆን ሂውዝ (1950–2009) ነው። ቀድሞ የማስታወቂያ ጽሑፍ ይጽፍ የነበረው ይህ ሰው፥ እውነቱን ከአባት አፍ ወስዶ ለልጆቹ ሰጠ። በ1984 ዓ.ም. በወጣው «ሲክስቲን ካንድልስ» በተባለው ፊልም፥ ቤተ ሰቡ በእኅቷ ሠርግ ተጠምዶ የልጅቱን 16ኛ የልደት ቀን ይረሳል፤ በሌሊት ከአጠገቧ ተቀምጦ ይቅርታ የሚጠይቀውም አባትዮው ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ከዚህም አለፈ። ጠባያቸውና ኑሯቸው የማይገናኝ አምስት ተማሪዎች ተቀጥተው ቅዳሜን በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ይውላሉ። ከእነርሱ አንዱ፥ በትምህርቱ የተመሰገነው ብራያን፥ በእጅ ሥራ ትምህርት የሠራው የዝሆን መብራት ኩምቢው ሲሳብ አልበራ ስላለ መውደቁን፥ ስለዚህም ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ነበር እያለቀሰ ይናዘዛል። ያመጣው መሣሪያ ግን የምልክት ርችት መተኰሻ ነበርና በዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ባረቀ። ይህን ሲሰሙ ጓደኞቹ ይሥቃሉ፤ እርሱም በመጀመሪያ ይቈጣል፥ ኋላ ግን አብሮ ይሥቃል። ሣቁ ኀዘኑን አልሻረውም፤ ብቻውን ይሸከመው የነበረውን ግን አምስቱ ተካፈሉት።

ይህ ፊልም በ2016 ዓ.ም. ለዘለቄታው እንዲጠበቁ ከሚመረጡት ፊልሞች ጋራ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል። ክብሩ ይገባዋል። ነገር ግን ታሪክን የሚጽፍ ሰው በምስጋና ብቻ ሊያበቃ አይገባውም። በ1984ቱ ፊልም ሎንግ ዱክ ዶንግ የተባለ ከእስያ የመጣ ተማሪ አለ፤ ብቅ ሲል የነሐስ ደወል ይመታል፥ ተመልካችም ይሥቃል። ልቡን የሚገልጥበት ጊዜ ግን አልተሰጠውም። በሁለቱም ፊልሞች የተጫወተችው ሞሊ ሪንግዋልድ በ2018 ዓ.ም. ባወጣችው ጽሑፍ፥ በሂውዝ ሥራዎች የምትወደውንም የሚያሳዝናትንም ሳትሸሽግ ገልጣለች።

እንግዲህ የሣቅና የእውነት ሚዛን የሚታወቀው ምን ያህል እንደ ሣቅን በመቍጠር አይደለም፤ የሣቅንበት ሰው ተራው ደርሶ ሲናገር ጸጥ ብለን በመስማታችን ነው። ብራያን ይህን ዕድል አገኘ፤ እንግዳው ተማሪ ግን አላገኘም።