ለሚንተባተበው አንባቢ ሁለት አጅር፦ የፊደል፣ የሐረካና የመረዳት ታሪክ



በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ያላችሁ ወጣት ወንድሞችና እህቶች! በየመድረሳችንና በየትምህርት ቤቱ ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ አለ። ፊደሉን እየቆጠረ፣ እየቆመ፣ እየተመለሰ ያነባል። ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ አንዳንድ ወላጅም «ይሄ ልጅ ጭንቅላት የለውም» ብሎ ወደ ሥራ ይልከዋል። ዲናችን ግን ይህን ልጅ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ እንደሚያስተምረን፣ ቁርኣንን እየተንተባተበ፣ እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር አለው።

ሐዲሱን ሁላችንም ሰምተነዋል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ግን ኡማው ለእነዚህ አንባቢዎች ሲል የጽሑፉን አጻጻፍ ሳይቀር ያሻሻለ መሆኑን ነው።

በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን የተጻፈው ሙስሐፍ ነጥብም ሐረካም አልነበረውም። ሰሐቦች ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ነው፤ ቁርኣኑም በልባቸው ነበር፤ ስለዚህ አልተቸገሩም። ኢስላም ወደ ዒራቅና ወደ ፋርስ ሲሰፋ ግን ዐረብኛ አፉን ያልፈታበት ሕዝብ መቅራት ጀመረ። አንዲት ሐረካ ስትሳሳት ትርጉም ይገለበጣል። በበስራ የነበሩት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ (በ69 ዓ.ሂ ያረፉ) ቀለሟ የተለየ ነጥብ ከፊደሉ በላይ፣ በታችና በጎን በማድረግ ድምፁን አመለከቱ። ቀጥሎ በነስር ኢብኑ ዓሲምና በየሕያ ኢብኑ የዕመር ጊዜ «ባ»ን ከ«ታ»፣ «ጂም»ን ከ«ሓ» የሚለዩ ነጥቦች ተስፋፉ። በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ ዛሬ የምናውቃቸውን የፈትሓ፣ የከስራ፣ የደማና የሸዳ ምልክቶች መልክ አስያዙ። ከዑለሞች መካከል ይህን በጥርጣሬ ያዩ ነበሩ። ግን የተቸገረው አንባቢ ጥቅም አመዘነ። አንድም ሰው «ሐረካ የሚፈልገው ሰነፍ ነው» ብሎ በሩን አልዘጋም።

በአገራችንም ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። የግዕዝ ጽሑፍም መጀመሪያ ተነባቢ ብቻ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ እያንዳንዱ ፊደል «ሀ ሁ ሂ» እያለ አናባቢውን በራሱ ላይ ተሸከመ።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። የኛ ከተማ ልጅ ጠዋት መድረሳ ገብቶ በዐረብኛ ሐርፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይቀራል። ትምህርት ቤት ሲሄድ ሀዲይሳን ወይም ከምባትሳን በላቲን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይማራል። በገበያና በመሥሪያ ቤት ያለው ጽሑፍ ደግሞ አማርኛ ነው። ሦስቱ ጽሑፎች ድምፅን የሚያሳዩበት መንገድ ይለያያል። ዐረብኛው የጠበቀውን ድምፅ በሸዳ ያሳያል፤ ላቲኑ ፊደሉን ደግሞ ይጽፋል፤ የአማርኛው ፊደል ግን ምንም አያሳይም። «አለ» የሚለውን ቃል ውሰዱ፦ «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? «ይበላል» ሲባል ሰውዬው ነው የሚበላው ወይስ ምግቡ ነው የሚበላው? ይህን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩን የተረዳ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ማንበብና መረዳት ተራ ጠብቀው የሚመጡ ሁለት ሥራዎች ብቻ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚንተባተብ ልጅ ጭንቅላቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም።

የአገራችን የንባብ ታሪክም በእነዚህ ሁለት እግሮች ነው የቆመው። ጥንታዊው የቁርኣን ቤት የመጀመሪያውን እግር አጠንክሮ ይዟል። ሐርፉ በለውሕ ላይ ይጻፋል፣ ከነሐረካው በድምፅ ይቆጠራል፣ ፊደሉ ይገጣጠማል፣ ከዚያ ነው አያ የሚቀራው። ደረሳው የያዘውን ሳያጠራ ለውሑ አይታጠብም። በአንድ ጥላ ሥር አንዱ «አሊፍ ባ» ሲል ሌላው ያሲንን ይቀራል፤ ትልቁ ትንሹን ያስቀራል። «ክፍሉ አልፎሃል» የሚባል ልጅ የለም። ሁለተኛው እግር፣ መረዳት፣ የሚመጣው ኪታብ ሲጀመር ነው፤ ሸኹ ዐረብኛውን እያነበቡ በአገሩ ቋንቋ ይፈቱታል። ችግሩ አብዛኛው ልጅ ቁርኣኑን ኸትሞ ስለሚሄድ እዚያ አይደርስም።

ዑለሞቻችን ይህን ክፍተት ያውቁት ነበር። በወሎ እንደነ ሸኽ ጦልሓ ኢብኑ ጃዕፈር ያሉት አማርኛን በዐረብኛ ሐርፍ፣ በአጀሚ፣ የጻፉት ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ለማስተማር ነው። በ1961 ዓ.ል ደግሞ ሸኽ ሰዪድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት የአማርኛ ቁርኣን ታተመ።

በመንግሥት በኩል ያለውም ታሪክ ይህንኑ ይነግረናል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ል የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ ሀዲይሳ፣ ከምባትሳና ስልጥኛ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። ከ1983 ዓ.ል ለውጥ በኋላ ሀዲይሳና ከምባትሳ ወደ ላቲን ፊደል ዞሩ። በዘመቻው የተማረ አባት የልጁን መጽሐፍ ለማንበብ እንደ አዲስ ፊደል መቁጠር ነበረበት። በ2002 ዓ.ል በተለያዩ ክልሎች ከ13 ሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ የንባብ ፈተና ሲደረግ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ሀዲይሳ አንዱ ነበር። መጽሐፉ ግን አጠገቡ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ካላገኘ ብቻውን አያስነብብም።

በሲራ እንደተዘገበው ከበድር ምርኮኞች መካከል መጻፍ የሚያውቁት ቤዛቸው የአንሷር ልጆችን ማስተማር ነበር። ነጻነት በንባብ ተገዛ ማለት ነው። እኛ ምርኮኛ አይደለንም፤ አንድ ልጅ ለማስተማር ግን ከነሱ ያነሰ ምክንያት የለንም።

ስለዚህ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ልጅ እንያዝ። የሚስተውን ድምፅ ለይተን ከዚያ እንጀምር፤ ካላጠራ ለውሑን አንጠብ። ፊደል ሲገጥም ብዙ የሚደክም ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ስለሚረሳ፣ አጭሩን ደጋግመን እናስነብበው። ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብለን በቤቱ ቋንቋ እናስነግረው። ቁርኣን ሲቀራም የፋቲሓንና የአጫጭር ሱራዎችን ትርጉም ከመቅራቱ ጋር እናሲዘው። እናቶቻችንንም አንርሳ።

መጀመሪያ የወረደችው ቃል «ኢቅራእ» ናት። የወረደችውም ማንበብ በማይችሉት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ነው። በሚንተባተብ ልጅ ላይ መሳቅ የሚያምርበት ሙስሊም ከየት ይመጣል?

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን። ወሏሁ አዕለም።