የጁባ የጥላ ዛፎችና የቅርንጫፍ አቆራረጥ ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ስለ ቆርቋሪዎቹ፣ ስለ ሕንፃዎቹ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ውሉ ይነገራል። በግቢ ውስጥ ለሃምሳና ለስድሳ ዓመት ጥላ ሲሰጥ የኖረው ዛፍ ግን ስሙ አይነሣም። የተከለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ይታወስ ይሆናል፤ ቅርንጫፉን በደንብ እየገረዘ ያቆየው ወይም በክፉ አቆራረጥ ያጠፋው ሰው ግን ፈጽሞ ይረሳል። ዛፍ የሚተከለው በአንድ ቀን ሲሆን የሚቆረጠው በዕድሜው ሙሉ ነው። ስለዚህ የከተማ ዛፍ ዕድል ከተካዩ ይልቅ በቆራጩ እጅ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለመረዳት የጎረቤታችንን የደቡብ ሱዳንን ዋና ከተማ የጁባን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት

ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ትገኛለች። ወንዙ በዚህ አካባቢ ባሕር ኤል ጀበል ይባላል። ከከተማይቱ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ወንዙ በዓለት መካከል እየተንደረደረ ስለሚወርድ ከካርቱም የሚመጣ መርከብ ከዚያ አልፎ ሊሄድ አይችልም። በዚህ ምክንያት በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች፣ የወንጌል መልእክተኞችና አገር አሳሾች መጨረሻ ማረፊያቸውን በዚሁ አካባቢ አደረጉ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1863 ከስፒክና ከግራንት ጋር የተገናኘባት ጎንዶኮሮ ከወንዙ ማዶ ነበረች፤ ላዶና ረጃፍም ከዚያ ወዲያ ስማቸው የታወቀ ጣቢያዎች ሆኑ።

በዚያ ዘመን ወንዙን የሚያቋርጡት የእንፋሎት መርከቦች የሚነዱት በእንጨት ኃይል ነበር። በወንዙ ዳር ለዳር የማገዶ ጣቢያዎች ተቋቁመው፣ ዛፍ እየተቆረጠ ይከመርና መርከቡ ሲደርስ ይጫን ነበር። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ በመጀመሪያ ዛፉን የተመለከተው እንደ ማገዶ ነው። የአገሩ ገበሬ ግን ከዚያ የተለየ ልማድ ነበረው። እርሻውን ሲመነጥር ዘይት የሚሰጠውን የሉሉን ዛፍ እየለየ በማሳው መካከል ይተወዋል። የትኛው እንደሚቆረጥና የትኛው እንደሚቀር መምረጥ የግረዛ ዕውቀት መነሻ ነውና፣ ይህ ዕውቀት ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የከተማይቱ መቆርቆርና የጥላ ዛፍ

ዛሬ ጁባ ያለችበት ቦታ የባሪ ሕዝብ መንደር ነበር። በ1920 እና በ1921 የእንግሊዝ የወንጌል መልእክተኞች በዚያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቀጥሎም የቅኝ ገዢው መንግሥት ቦታውን ለሞንጋላ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት መረጠው። ነዋሪዎቹ የባሪ ሰዎች ከቦታቸው እንዲነሡ ተደረገ። በ1929 የረጃፍ ነጋዴዎች ወደ አዲሱ ከተማ ገቡ፤ በ1930 የገዢው መሥሪያ ቤት ከሞንጋላ ተዛወረ። ብዙዎቹን የንግድ ቤቶች የሠሩት ግሪኮች ነበሩ።

እንደዚህ ባለ ሞቃት አገር ከተማ ሲቆረቆር ጥላ ከቤት የማይተናነስ አስፈላጊ ነገር ነው። በጁባ ጎዳናዎችና ግቢዎች ኒም፣ ማንጎና ማሆጋኒ ተተከሉ። ኒምና ማንጎ መነሻቸው ከሕንድ ወገን ሲሆን ማሆጋኒው የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ኒም በፍጥነት ያድጋል፤ በበጋም ቅጠሉን እንደያዘ ይቆያል፤ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። እነዚህ ጠባዮቹ በሱዳን ከተሞች ሁሉ እንዲወደድ አድርገውታል።

በሱዳን የከተማ መሬት በደረጃ የሚከፋፈል ነበር። የአንደኛ ደረጃ ቦታ ሰፊ ሲሆን ቤቱም ከጽኑ ዕቃ መሠራት ነበረበት፤ ደረጃው ዝቅ ባለ መጠን ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። ይህ ሥርዓት ለዛፉም ትርጉም አለው። በሰፊ ግቢ ያለ ማንጎ እንደ ልቡ ይዘረጋል። በጠባብ ግቢ የበቀለው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጣራው ላይ ይተኛል፤ ባለቤቱም ገጀራውን ለማንሣት ይገደዳል። ስለዚህ የግረዛ ችግር ይበልጥ የሚጸናው መጠጊያው ጠባብ በሆነው ቤተ ሰብ ላይ ነው።

የጦርነትና የሰላም ዓመታት

ከ1955 ጀምሮ የቆየው የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው በ1972 በከተማችን በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ነው። በዚህም ስምምነት ጁባ የደቡቡ ክፍል መስተዳድር መቀመጫ ሆነች፤ በ1975 የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ነገር ግን በ1983 ሁለተኛው ጦርነት ተነሣ። ጁባ የመንግሥት ጦር የሰፈረባትና ለረጅም ጊዜ የተከበበች ከተማ ሆነች፤ በ1992ም ከባድ ውጊያ ተካሄደባት። በተከበበ ከተማ ማገዶ ፍለጋ ርቆ መሄድ የሕይወት አደጋ ስላለው፣ ሰው ምግቡን ለማብሰል አጠገቡ ወዳለው ቅርንጫፍ ማየቱ አይቀርም። ለዕለቱ እሳት የሚቆርጥ ሰው ስለ ዛፉ የነገ ዕድሜ ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ ሊወቀስም አይገባም።

በ2005 ሰላም ሲወርድ፣ ይልቁንም አገሪቱ በ2011 ነፃነቷን ስታገኝ፣ ከተማይቱ በፍጥነት ሰፋች። ከኢትዮጵያና ከሌሎች ጎረቤት አገሮች የሄዱ ብዙ ሰዎችም ሆቴልና ሱቅ ከፈቱባት። ከሰል የአብዛኛው ቤት ማገዶ እንደ ሆነ ቀረ። በ2019 ደግሞ የኤሌክትሪክ ማሠራጫው መሥመር ታድሶና ተስፋፍቶ ሥራ ጀመረ። ሽቦ በጎዳና ሲዘረጋ ቅርንጫፍ ከሽቦ ጋር ይጋፋልና፣ የአቆራረጥ ጥያቄ ከግቢ አልፎ የጎዳና ጥያቄ ሆነ።

ስለ አቆራረጥ ሣይንስ ምን አለ?

የሠለጠኑት አገሮችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተሳስተው ነበር። በ1860ዎቹ ፈረንሳዊው ዴ ካር ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር እኩል ተደርጎ እንዲቆረጥና ቁስሉ ሬንጅ እንዲቀባ አስተማረ። ትምህርቱም በአውሮፓና በአሜሪካ ለመቶ ዓመት ያህል ተሠራበት። ሐሳቡ የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል ይድናል ከሚል የመጣ ነበር።

ይህን እምነት የገለበጠው አሜሪካዊው የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ነው። ሺጎ ከ1959 ጀምሮ በአገሩ የደን መሥሪያ ቤት ሲሠራ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን መረመረ። ውጤቱን በ1977 ከሥራ ባልደረባው ጋር አሳትሞ አወጣ። ያገኘውም ይህ ነው፤ ዛፍ የተጎዳውን ሥጋውን አያድንም፤ መበስበሱ እንዳይዛመት ዙሪያውን ያጥረዋል፤ ከዚያም በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ቁስሉ ግን እስከ ዛፉ ዕለተ ሞት ድረስ ከውስጥ ይኖራል።

ይህ ለቆራጩ ትልቅ ትርጉም አለው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ሥፍራ እንደ አንገትጌ ያበጠ ክፍል አለ። ዛፉ አጥሩን በደንብ የሚሠራው ይህ አንገት ሳይነካ ሲቀር ነው። ከግንዱ ጋር እኩል ተደርጎ ከተቆረጠ አንገቱ ይጠፋና ብስባሹ ወደ ግንዱ ይገባል። ረጅም ጉቶ ከተተወም ጉቶው ይሞትና የነፍሳትና የሻጋታ መግቢያ ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ ከአንገቱ ወዲያ ልክ አጠገቡ ነው። ሬንጁም ብስባሽን እንደማያግድ ሺጎ አሳየ።

ለባለቤቱ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ትልቅ ቅርንጫፍ ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ በክብደቱ ይሰበርና የግንዱን ልጣጭ ገሽልጦ ይወርዳል። ይህ እንዳይሆን በመጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ከሥር ወደ ላይ ጥቂት ይገዘገዛል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆረጣል። ቅርንጫፉ ከወደቀ በኋላ የቀረው ጉቶ ከአንገቱ አጠገብ ይነሣል።

ብዙ ባለቤቶች ዛፉ እንዳይወድቅባቸው በመስጋት አናቱን ይጎነድሉታል። ኒም ሲጎነደል መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን አዲሱ ቀንበጥ የሚበቅለው ከግንዱ ልብ ሳይሆን ከላይኛው ሽፋን ስለ ሆነ መያዣው ደካማ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከብዶ በዝናብ ወራት አውሎ ነፋስ ይገነጠላል። አደጋን ሲፈሩ የባሰ አደጋ ማብቀል ይህ ነው። በምትኩ የደረቁትንና እርስ በርስ የሚፋተጉትን ቅርንጫፎች እየመረጡ ማሳሳት ይበጃል፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ከዛፉ ቅጠል ከሩብ በላይ መቀነስ አይገባም። ማንጎ የሚያብበው በበሰሉ ቀንበጦች ጫፍ ላይ ስለ ሆነ የሚገረዘው ፍሬው እንደ ተለቀመ ወዲያውኑ ነው፤ ቢዘገይ የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ይቀራል። ፈሳሹም ቆዳን ስለሚያሳክክ እጅን መሸፈን ያስፈልጋል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ ግን ባለቤቱ ሊነካው አይገባም፤ ይህ የመብራት ባለሙያ ሥራ ነው።

ለታሪክ መምህር

በሺጎ ትምህርት መሠረት ዛፍ ቁስሉን የማይረሳ ፍጥረት ነው። በጦርነት ዓመት ለማገዶ የተመለመለው፣ ለመንገድ ተብሎ የተጎነደለው፣ በብልህ እጅ የተገረዘው ሁሉ ምልክቱን በግንዱ ይዞ ይኖራል። በዚህ አስተያየት የጁባ አሮጌ ዛፎች ለከተማይቱ የጽሑፍ ታሪክ ደጋፊ ምስክሮች ናቸው።

ኒምና ማንጎ በእኛም ጋምቤላና ድሬዳዋ የታወቁ ናቸው፤ ትምህርት ቤቶቻችንም ዛፍ አያጡም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ግቢው አውጥቶ የግንዱን ጠባሳ እንዲመለከቱ ቢያደርግ፣ የትኛው ቁርጥ በደንብ ተጠቅልሎ እንደ ተዘጋና የትኛው እንደ በሰበሰ ቢያስለያቸው፣ ከዚያም የሰፈሩን ሽማግሌዎች ማን መቼ ለምን እንደ ቆረጠው እንዲጠይቁ ቢልካቸው፣ የታሪክንና የሣይንስን ትምህርት በአንድነት ያስተምራል። ከእነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ነገ ባለ ግቢ ይሆናሉ፤ መጋዙም በእነርሱ እጅ ይገባል።