ለመሸበት እንግዳ

ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። እግሩ ይታጠባል፣ የተገኘው ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። የእግዜር እንግዳ ነዋ! ሒሳብ ብሎ ነገር የለም።

እንግዲህ እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሆቴል ያቋቋሙት እንዲህ ባለ አገር ነው። ምግብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ደንበኛ ጠፋ፤ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ እየተባለ ይተረካል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በግቢያቸው ሕዝብ በነጻ ግብር ይበላል፤ ታዲያ እቴጌዋ ማደሪያ በገንዘብ ለምን አስፈለጋቸው? አዲስ አበባ የመጤ ከተማ ስለሆነች ይመስለኛል። መጤ ሁሉ የሚያንኳኳው የዘመድ ደጅ የለውም። ደግሞ ነጻ መስተንግዶም የራሱ ዋጋ አለው፤ «የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ?» ትባላለህ። ሆቴል ግን ከከፈልክ አገርህንም ዘርህንም ሳይጠይቅ ያሳድርሃል።

አንድ ሌሊት እዚያ አድሬያለሁ። ወለሉ እንጨት ነው፤ በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ ይሰማል። ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ብቻህን አይደለህም።

ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዙሪያው ፒያሳ ሲፈርስ እሱ ቆሞ ቀረ። ነዋሪው ወደየዳርቻው ተበተነ። ለመንገደኛ ማደሪያ አሁንም አለ፤ «ቤቶች!» ሲሉት አቤት የሚል ጎረቤት ግን ከሰፈሩ ወጥቷል።