ዲግሪና የጎልፍ ዱላ

ጎልፍ የሀብታምና የተማረ ሰው መዝናኛ ነው የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ሰፊውን አረንጓዴ መስክና አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ለሚመለከት ሰው ይህ አሳብ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካን አገር ጎልፍን ሙያ አድርገው እንጀራ የበሉበት ሰዎች ታሪክ ሲመረመር የሚገኘው ሌላ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ሀብታሙ ተጫዋች ዱላዎቹ የሞሉበትን ከረጢት የሚሸከምለት ልጅ ይፈልጋል። ይህ ልጅ ካዲ ይባላል። ካዲው ጥቂት ሳንቲም ያገኛል፤ ጌቶቹ ሲመቱ እያየም ጥበቡን ይቀስማል። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ የነበረው ዋልተር ሄገን ገና በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ በዚህ መንገድ አደገ፤ በ1914 እና በ1919 የአሜሪካን ኦፕን የተባለውን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። ቤን ሆጋንም አባቱ በ1922 ከሞተ በኋላ በቴክሳስ በባቡር ጣቢያ ጋዜጣ ሲሸጥ ቆይቶ ካዲ ሆነ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱንም ሳይጨርስ ወጣ።

በዚያን ዘመን ባለሙያው ተጫዋች እንደ አሽከር ይቆጠር ስለ ነበረ በክለቡ ቤት ገብቶ ከአባሎች ጋር መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር። በ1920 በኦሃዮ የሚገኘው የኢንቨርነስ ክለብ በሩን ሲከፍትላቸው ባለሙያዎቹ ተዋጥተው አንድ ትልቅ የቁም ሰዓት በስጦታ አበረከቱለት። በር ስለ ተከፈተ ብቻ ይህን ያህል ምስጋና ማቅረባቸው፥ በውጭ መቆም ምን ያህል ከብዷቸው እንደ ነበረ ያስረዳል።

የተማረውስ? ቦቢ ጆንስ በ1922 ከጆርጂያ ቴክ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ፥ በ1924 ከሃርቫርድ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመረቀ፤ ቀጥሎም በኤሞሪ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። በ1930 በአንድ ዓመት አራቱን ታላላቅ ውድድሮች አሸንፎ በ28 ዓመቱ ከውድድር ተሰናበተ። በውድድር ዘመኑ ሁሉ ለመጫወቱ ገንዘብ አልተቀበለም። ሌላ እንጀራ የነበረው ሰው ጎልፍን ሙያ ማድረግ አላስፈለገውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ተጫዋቾችን የትምህርት ወጪ እየቻሉ መቀበሉን አበዙት። አርኖልድ ፓልመር ዌክ ፎረስት፥ ጃክ ኒክላውስ ኦሃዮ ስቴት፥ ከብዙ ጊዜ በኋላም ታይገር ውድስ ስታንፎርድ የገቡት በዚህ ዘመን ነው። ኒክላውስም ውድስም ዲግሪውን ሳይጨርሱ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ለብዙዎቹ ከመማሪያነት ይልቅ መለማመጃ ነበረ ብንል ያስኬዳል።

እንግዲህ ዲግሪውን ጨርሶ የመጣ ሰው ምን አገኘ? ቢል ስፒለር በ1913 በኦክላሆማ ተወለደ፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። በቴክሳስ ከሚገኘው ከዋይሊ ኮሌጅ በ1938 ተመረቀ። ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ግን ያገኘው ሥራ በባቡር ጣቢያ የመንገደኛ ሻንጣ መሸከም ነበረ። ጎልፍ የጀመረው ወደ 30 ዓመት ሲጠጋ ነው። ሆኖም በ1948 በሎስ አንጀለስ ኦፕን በመጀመሪያው ቀን በ68 ምት ጨርሶ ከቤን ሆጋን ጋር እኩል ሆነ።

በዚያ ውድድር እስከ 60ኛ ደረጃ የወጡ ሁሉ ቀጥሎ ባለው በሪችመንድ ኦፕን እንዲጫወቱ ይፈቀድ ነበር። ስፒለርና ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ቴድ ሮድስም ደረጃውን አግኝተው ወደ ስፍራው ሄዱ። ልምምዳቸውን ከጀመሩ በኋላ ግን መጫወት አትችሉም ተባሉ። ፒ.ጂ.ኤ. የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በደንቡ ውስጥ አባልነት ለነጮች ብቻ ነው የሚል አንቀጽ ነበረው። ሁለቱም ማዲሰን ጉንተር ከተባለ ሦስተኛ ተጫዋች ጋር ሆነው 315,000 ዶላር ካሣ ጠይቀው ከሰሱ። ማኅበሩ ከእንግዲህ ወዲህ ልዩነት አላደርግም ብሎ ቃል ስለ ገባ ክሱን አነሱ። ከዚያ በኋላ ውድድሮቹ «ለሁሉ ክፍት» መባላቸው ቀረና «በጥሪ» ተባሉ፤ ጥሪውም ለጥቁሮች አልደረሰም። ይህን ከክፋቱ ይልቅ ብልጠቱ ያስደንቃል።

ስፒለር ዝም አላለም። በ1952 በሳን ዲየጎ እንደገና በተከለከለ ጊዜ መጀመሪያው መምቻ ላይ ቆሞ ተቃውሞውን አሰማ። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድም ኑሮውን ለመደገፍ በአንድ ክለብ ካዲ ሆነ። ሄገንና ሆጋን ከረጢት ተሸካሚ ሆነው ጀምረው ባለሙያ ሆኑ፤ ባለ ዲግሪው ስፒለር ግን ከባለሙያነት ወደ ከረጢት ወረደ።

አንድ ቀን ከክለቡ አባሎች አንዱ ለምን እንደማይወዳደር ጠየቀው፤ እርሱም የደንቡን ነገር አጫወተው። በዚሁ ምክንያት ጉዳዩ ለካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለስታንሊ ሞስክ ደረሰ። ሞስክም አንቀጹ እስካልተሰረዘ ድረስ ማኅበሩ በካሊፎርኒያ መስኮች ውድድር እንዳያደርግ ከለከለ፤ ለሌሎች ግዛቶች ዐቃቤያነ ሕግም ጻፈ። በኅዳር ወር 1961 አንቀጹ ተሰረዘ።

ቻርሊ ሲፈርድ በ1967 በሃርትፎርድ ሲያሸንፍ የተጠቀመው በዚህ በር ነው። ስፒለር ግን በሩ ሲከፈት የ48 ዓመት ሰው ነበረ። በ1988 አረፈ። ማኅበሩም በ2009 አባል አደረገው።